የወለቃ ሸክላ

የወለቃ ሸክላ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በወለቃ መንደር ሴቶች የሚሠሩት የእጅ ጥበብ ነው። በተለይ በትንንሽ የሰውና የእንስሳት ምስሎቹ ይታወቃል።

ታሪክ

ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡና ሸማ ይሠሩ ነበር፤ ሴቶቹ ደግሞ ሸክላ ይሠሩ ነበር። እንስራ፣ ጀበና፣ ድስትና ምጣድ ከጎንደር ዙሪያ እስከ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ድረስ በየቤቱ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች ሲሆኑ፣ ሠሪዎቻቸው ግን «ቡዳ» እየተባሉ ይገለሉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ባለሙያዎችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም ንቀቱ ወዲያው አልጠፋም።

በ20ኛው መቶ ዘመን ጎብኚዎች ወደ መንደሯ መምጣት ሲጀምሩ ሴቶቹ ከቤት ዕቃው ጎን ለሽያጭ የሚሆኑ ምስሎችን መሥራት አዘወተሩ። ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ አንበሳ፣ እንዲሁም እንስራ ያዘለች ሴት ከታወቁት መካከል ናቸው። ቤተ እስራኤላውያን በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ። በሁለተኛው ጉዞ ብቻ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተጓጉዘዋል። ከዚያ በኋላ ሙያውን በወለቃ የቀሩት ክርስቲያን ሴቶች ቀጥለውበታል። በእስራኤልም የሚሠሩ አሉ።

አሠራር

ጭቃው ከተፈጨ የሸክላ ስባሪ ወይም ከአሸዋ ጋር ይቦካል። ሥራው ያለ መንኮራኩር በእጅ ብቻ ይከናወናል፤ ገጹ በድንጋይ ይለሰልሳል። ጥላ ውስጥ በደንብ ያልደረቀ ምስል እሳት ላይ ስለሚፈነዳ መድረቁ ወሳኝ ነው። ከዚያም በእንጨትና በኩበት ይተኮሳል። በጭስ ሲታፈን ጥቁር ቀለም ይይዛል።

አለባበስ በሸክላ

በአማርኛ የእንስራ ክፍሎች አንገት፣ ሆድና ጆሮ ይባላሉ። በሴት ምስሎቹ ላይ ይህ ዝምድና በግልጽ ይታያል። ሰፊው የቀሚስ ታች እንደ ዕቃ መቀመጫ ሆኖ ምስሉን ያቆመዋል፤ ሹሩባውና ጥለቱ ጭቃው ሳይደርቅ በስንጥር ይጫራል።

የአሁኑ ሁኔታ

የፕላስቲክ ጀሪካን እንስራን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድም የሸክላ ምጣድን በብዙ ቤቶች ተክተዋል። በዚህም የተነሳ እንስራው ከቤት እየወጣ፣ እንስራ ያዘለችው ሴት ምስል ግን በጌጥነት እየገባች ነው። የሠሪዎቹ ገቢ በጎብኚዎች ቁጥር ላይ ስለተመሠረተ በጸጥታ ችግር ጊዜ ገበያው ይቀዘቅዛል።