ሳይቃጠል በቅጠል፤ የማስጠንቀቂያ ምልክት አጭር ታሪክ

የዘንገና ሐይቅ ከእንጅባራ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና አቅራቢያ ይገኛል። ውሃው ጸጥ ያለ፥ ዙሪያውም በዛፍ የተከበበ ስለ ሆነ ያየውን ሁሉ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሐይቁ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ጥልቀቱም 166 ሜትር ያህል ይደርሳል። ዳሩ በቀስታ እየጠለቀ የሚሄድ ሳይሆን እንደ ገደል ወደ ታች ይወርዳል። ይህን የአገሩ እረኛ ያውቀዋል፤ በመኪና መጥቶ ለጥቂት ጊዜ የሚያርፍ እንግዳ ግን አያውቀውም። ማስጠንቀቂያ ምልክት የሚያስፈልገው ለእንደዚህ ያለው ሰው ነው። ይኸውም አደጋውን የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው ሰው፥ እርሱ በአጠገቡ በሌለበት ጊዜ እንኳ፥ የሚናገርበት ቋንቋ ነው።

ይህ አሳብ ዛሬ የመጣ አይደለም። በሙሴ ሕግ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በሰገነቱ ላይ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰውም የሰው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን እንዲከፍል ተፈርዷል። እንግዲህ አደጋን የሠራ ሰው ስለ ሌላው ደኅንነት ኃላፊ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው።

በአገራችን የማስጠንቀቂያው ሥራ ለብዙ ዘመን የተሠራው በድምፅና በእጅ በሚገኝ ነገር ነው። ገበሬ ማሳውን በእሾህ ያጥራል፤ መንገደኛውም እሾሁን ሲያይ ማንም ሳይነግረው ይመለሳል። ድምፅና እሾህ የበቁት ሰው በእግሩና በበቅሎው በሚሄድበት ዘመን ነበር፤ ስሕተቱን አይቶ ለመመለስ ጊዜ ነበረውና።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ እየተለወጠ ሄደ። መኪና ፈጣን ስለ ሆነ ነጂው አደጋውን ከሩቅ ማወቅ ይገባዋል። በውጭው ዓለምም ይኸው ችግር ስለ ተሰማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1909 በፓሪስ የተሰበሰቡ መንግሥታት በአራት ምልክቶች ተስማሙ። እነርሱም ጎርባጣ መንገድ፥ ጠመዝማዛ መንገድ፥ መስቀለኛ መንገድና የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ናቸው። አራቱም ሥዕሎች ነበሩ፤ ምክንያቱም ከአገር አገር የሚሄድ ነጂ የየአገሩን ፊደል ሊያውቅ አይችልም። በ1968 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በቪየና ከተማ ሰፋ ያለ ስምምነት ተደረገ።

በኢትዮጵያ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። በሰኔ ወር 1956 ዓ.ም. ደግሞ በግራ በኩል ይነዳ የነበረው መኪና ሁሉ በቀኝ በኩል እንዲነዳ ተደረገ። ይህ ለውጥ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። ግራ ወይም ቀኝ በራሱ ደኅና ወይም ክፉ አይደለም፤ ደኅንነት የሚገኘው ሁሉም ሰው በአንዱ ሲስማማ ነው። ምልክትም እንደዚሁ ነው። ስምንት ማዕዘን ያለውን ቀይ ሰሌዳ «ቁም» የሚለውን ቃል ከማንበባችን በፊት በቅርጹ የምናውቀው አስቀድመን ስለ ተስማማንበት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የኢትዮጵያ ሾፌሮች ራሳቸው የለመዱት ምልክት ነው። መኪናው መንገድ ላይ የተበላሸበት ሾፌር የዛፍ ቅርንጫፍ ቈርጦ ከመኪናው በስተኋላ በአስፋልቱ ላይ ያኖራል፤ ድንጋይም ይደረድራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በዚህ ቦታ ቃል በቃል ይፈጸማል። ይሁን እንጂ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ በዚያው ይቀራል። በማታ የሚመጣው ሌላው ነጂ ይጋጨዋል፤ ማስጠንቀቂያ የነበረው ራሱ አደጋ ይሆናል። ስለዚህ ምልክትን ማኖር ብቻ ሳይሆን ጊዜው ሲያልፍ ማንሣትም ግዴታ ነው።

በሥራ ቦታም ነገሩ ያው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ሠራተኞቹን ስለ ሥራቸው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያስታውቅ ያዝዛል። በወፍጮ ቤት የሚሽከረከረው ቀበቶ የነጠላ ጫፍ ሊይዝ ይችላል፤ ነዳጅ በሚቀዳበት ቦታ አንዲት ክብሪት ብዙ ሰው ታጠፋለች፤ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ያለው የራስ ቅል ሥዕልም ለጌጥ አልተሳለም። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። እህል ለማስፈጨት የምትመጣ እናት ፊደል ያልቈጠረች ልትሆን ትችላለች፤ በአዊ አገር ደግሞ የብዙ ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋ አውንጊ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ በላይ፥ አማርኛውና አውንጊው በታች ቢሆኑ ሁሉንም ያስተምራል።

እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፥ የመንገድ ምልክት በድንጋይ የሚመታና የሚያጣምም ልጅ ስናይ ዝም አንበል፤ ያ ልጅ የማያውቀውን መንገደኛ ዓይን እያጠፋ ነውና። ሁለተኛም፥ በወፍጮ ቤት፥ በጋሪ መንገድና በሐይቅ ዳር ያወቅነውን አደጋ ላላወቀው እንንገር፤ የሚመለከታቸውም ሹሞች ምልክት እንዲያቆሙ በትሕትና እንጠይቅ። ሰሌዳና ቀለም ብዙ ወጪ አይጠይቁም፤ የጠፋ ሰው ግን በምንም ዋጋ አይመለስም። እንግዳ ተቀባይነታችን የታወቀ ነው፤ እንግዳን መቀበል ግን እንጀራና ጠላ በማቅረብ ብቻ አይፈጸምም። «እዚህ ጋ ውሃው ጥልቅ ነው» ብሎ አስቀድሞ መንገርም እንግዳን መቀበል ነው።