እንቅርት
እንቅርት አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሲያብጥ የሚታይ ሕመም ነው፤ ዋነኛ መንስኤው በዓለም ዙሪያ የአዮዲን እጥረት ነው። ዕጢው ሆርሞን ለመሥራት አዮዲን ይሻል፤ ሲያጣ ያለችውን ጥቂት ለመሰብሰብ ሲታገል እየገዘፈ ይሄዳል። አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ነው። ዝናብ አፈሩን ያጠበው ተራራማ አገር፣ የአልፕስ ሸለቆዎችም የኢትዮጵያ ደጋዎችም፣ ለችግሩ የተጋለጠ ነው። ከእብጠቱ ይልቅ የሚያሳዝነው ዓይን የማያየው ጉዳት ነው፦ በእርግዝና ወቅት የሚደርስ ከባድ እጥረት የጽንሱን አእምሮ ይጎዳል፤ ሕፃኑ መስማትና መናገር ሊሳነው ይችላል፤ ጉዳቱም ኋላ አይመለስም። እጥረቱን ለመከላከል ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1922 ጨውን በአዮዲን ማበልጸግ ጀመረች፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ደንብ አውጥታ ግዴታ አደረገችው። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በሙቀት ስለሚባክን ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።