ወላጆቻቸውን በሕመም ያጡ ሕፃናት የአእምሮ ጤና

ወላጆቻቸውን በሕመም ያጡ ሕፃናት የአእምሮ ጤና በታዳጊ አገሮች ከድህነት፣ ከመገለልና ከአሳዳጊ ቤት ሁኔታ ጋር የተያያዘ የሕፃናት ጤና ጉዳይ ነው። ዩኒሴፍ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ አንዱን ወይም ሁለቱንም ወላጆቹን በሞት ያጣን ልጅ የሙት ልጅ ይለዋል።

መንስኤ

ጉዳቱ የሚጀምረው ከሞቱ በፊት ነው። ወላጅ ለረጅም ጊዜ ሲታመም የቤቱ ገቢ ይቀንሳል፤ ትልቁ ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ አስታማሚ ሆና ከትምህርት ትቀራለች። በሽታው ኤች አይ ቪ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ከሆነ መገለል ይጨመርበታል። መርዶው ለአዋቂዎች ሲነገር ሕፃናት ወደ ጎረቤት የሚላኩበት ጊዜ አለ፤ ያልተነገረው ልጅ ሞቱን በራሱ ጥፋት የመጣ ሊመስለው ይችላል።

ምልክቶች

የእንቅልፍ መዛባት፣ አልጋ ላይ መሽናት፣ መንስኤው ያልታወቀ የራስ ወይም የሆድ ሕመም፣ ቁጡነት፣ ከጓደኛ መራቅና የትምህርት ውጤት መውረድ ይገኙበታል።

ጥናቶች

ሉሲ ክሉቨርና ባልደረቦቿ በኬፕ ታውን 1,025 ልጆችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ወላጆቻቸውን በኤድስ ያጡት በሌላ ምክንያት ካጡትም ሆነ ወላጅ ካላቸው ልጆች ይልቅ ድብርት እንደሚበዛባቸው አመልክተዋል። አሎክ ባርጋቫ በኢትዮጵያ የሙት ልጆች ላይ ያደረገው ጥናት (እ.ኤ.አ. 2005) ደግሞ በአሳዳጊው ቤት ያለው ምግብና ልብስ ከልጆቹ የስሜት ሁኔታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

በባሌ ደጋ

ሮቤና ጎባ 14 ኪ.ሜ. ያህል ተራርቀው ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ስትሆን፣ የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል የሚገኘው በጎባ ነው። ስንዴና ገብስ በሚመረትበት በዙሪያው ገጠር የሙት ልጅን በአብዛኛው የሚያሳድገው ዘመድ ነው። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛና ወደ ሕግ የገባ ነው፤ በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ የሆነ ልጅ ከአብራክ ልጅ እኩል ይታያል። ልጁ ለእረኝነትና ለውኃ መቅዳት ብቻ የተወሰደ ከሆነ ግን ከትምህርት ይቀራል፣ ሐዘኑም ሰሚ ያጣል።

እንክብካቤ

እውነቱን ለዕድሜው በሚመጥን ቃል መንገር፣ ወንድምና እህትን አለመለያየት፣ ትምህርት እንዳይቋረጥ ማድረግና የወላጅን ፎቶግራፍና ታሪክ ማቆየት ይመከራል። ምልክቶቹ ከበረቱ ልጁን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ወላጅን በሕይወት ማቆየት ነው፤ በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ብዙ ልጆችን ከወላጅ አልባነት ጠብቋል።