የጎጃም መንበረ ጵጵስናና መንግሥት

ክህነት ለነፍስ፥ መንግሥትም ለሥጋ ጠባቂ ሆነው ተሰጥተዋል። ሁለቱ ሲስማሙ አገር ያርፋል፤ አንዱ ሌላውን መሣሪያ ሲያደርገው ግን ምእመናን ይጨነቃሉ። ለዚህ ምስክራችን የገዛ አገራችን የጎጃም ታሪክ ነው።

ጎጃም ጳጳስ ያገኘው ከዘውድ ጋር ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው አነገሡ፤ ከግብጽ ካስመጧቸውም አራት ጳጳሳት አቡነ ሉቃስን ለጎጃም ሰጡ። በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ሲሾሙ አቡነ አብርሃም ይህን ሀገረ ስብከት ተቀበሉ።

ፈተናው በጠላት ዘመን መጣ። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አውግዙ ቢባሉ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን በ1930 ዓ.ም. ጠላት ከእስክንድርያ ለይቶ ያቆመውን ሊቀ ጵጵስና ተቀበሉ፤ የእስክንድርያም ሲኖዶስ አወገዛቸው። በ1931 ዓ.ም. አረፉ፤ ፍርዱም የእግዚአብሔር ነው።

የጎጃም ሰው ግን ጳጳሱ ለጠላት ቢያድሩ እርሱ አላደረም፤ በዱር በገደል ተዋጋ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኦሜድላ ተነሥተው በቡሬ በኩል አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፥ መንገዱን አስቀድሞ ያስከፈተው የዚህ ሕዝብ ጽናት ነበር።

ጠላት በኃይል ያቆመው ሊቀ ጵጵስና ከኃይሉ ጋር ፈረሰ። በ1951 ዓ.ም. ግን ከእስክንድርያ ጋር በተደረገ ስምምነት አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ ሆኑ። እንግዲህ ካህናትም ምእመናንም ልብ እንበል፤ ሹመቱ አንድ ቢመስልም፥ የሚጸናው ሰይፍ የሰጠው ሳይሆን ሥርዓት የሰጠው ነው።