ላሟ የማትሞትበት አገር

«ጌም» ሲባል ለብዙ ወላጅ የሚታየው የተቃጠለ ጊዜ ነው። አይፈረድበትም። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ የማወራችሁ እንደ ታሪክ መጽሐፍ ቆጥሬው ነው። ስሙ «ሲቪላይዜሽን» ይባላል። ሲድ ሜየርና ብሩስ ሼሊ ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ። ተጫዋቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት 4000 ዓመት ላይ አንድ ሕዝብ ይረከባል። ከተማ ይቆረቁራል፣ ያርሳል፣ ይዋጋል፣ ይታረቃል፤ ከቀናው ጠፈር ድረስ ይዘልቃል። በመጀመሪያው ጨዋታ 14 ሕዝቦች ነበሩ፤ ከአፍሪካ ግብፅና ዙሉ ብቻ። እኛ እስክንገባ 16 ዓመት ፈጀ።

ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ንጉሠ ነገሥት ገባን። በአራተኛው ጨዋታ ተጨማሪ ክፍል (2007) በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ በአምስተኛው (2012) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በስድስተኛው (2020) በዳግማዊ ምኒልክ። በ2025 የወጣው ሰባተኛው ደግሞ አክሱምን አስገብቶ፣ ንጉሥና ሕዝብን ለያያቸው፤ ከፈለጋችሁ አክሱምን የግብፅዋ ንግሥት ሀትሼፕሱት ትመራዋለች።

የጨዋታው ወዳጆች የትም አገር ቢሆኑ «ከሁሉ የቱ ይበልጣል?» እያሉ ይከራከራሉ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ነገሩ ሳይታወቅ «የቱ ንጉሥ ይበልጣል?» ወደሚለው ይዞራል። የኔ መለኪያ ግን ሌላ ነው። ጨዋታው ማንን ዙፋን ላይ አስቀመጠ ሳይሆን፣ ያ ሰው ለምን እንደሚያሸንፍ ምን ሕግ አወጣ?

በዚህ ሲታይ አራተኛው ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡትን ዘርዐ ያዕቆብን ያነግሥና፣ የአክሱምን ሐውልት ያቆምላቸዋል፤ ጠመንጃ ያነገተ «የኦሮሞ ተዋጊ»ም ይሰጣቸዋል። እያንዳንዱ ዕቃ የኛ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር ምን እንዳገናኘው ግን አይነገርም። የቱሪስት ዕቃ መሸጫ መደርደሪያ በሉት።

ስድስተኛው ይሻላል። የምኒልክ ከተሞች ኮረብታ ላይ ከተቆረቆሩ ከእምነት ዕውቀት ያፈልቃሉ፤ ወታደሩም ኮረብታ ላይ ይበረታል። የዚህ ችሎታ ስም «የሚኒስትሮች ምክር ቤት» ነው፤ በ1900 ዓ.ም. የተሾሙትን ሚኒስትሮች ያስታውሳል። እዚህ ቢያንስ አንድ ሐሳብ አለ፤ ደጋው ራሱ የታሪክ ምክንያት ነው የሚል። ችግሩ ተራራው ሁሉን ሠርቶ ሲጨርስ ለሰው የሚተርፈው ሥራ ማነሱ ነው።

እኔ የምመርጠው አምስተኛውን ነው። «የዐድዋ መንፈስ» የሚባል ሕግ አለው፤ ኢትዮጵያ ከሷ የበለጠ ከተማ ካለው አገር ጋር ስትዋጋ የወታደሯ ጉልበት 20 በመቶ ይጨምራል። ትንሹ ትልቁን ይጥላል ማለት ነው። ደስ ይላል አይደል? የወደድኩት ግን ደስ ስለሚል አይደለም። ስሕተቱ ልንከራከርበት የምንችለው ስሕተት ስለሆነ ነው።

እስቲ እንየው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በቁጥር ያነሰው ማን ነበር? የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ከ20,000 ያነሰ፣ የምኒልክ ጦር ወደ 100,000 የሚገመት። መንፈስ አልጎደለም፤ ሥራው ግን የመንፈስ ብቻ አልነበረም። ከጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ከሐረር ራስ መኮንን፣ ከወሎ ራስ ሚካኤል፣ ከትግራይ ራስ መንገሻና ራስ አሉላ በአንድ ሜዳ መገኘት ነበረባቸው። ጠመንጃው ለዓመታት ሲሰበሰብ ኖሯል፤ ከፊሉም ከኢጣሊያ ከራሷ የመጣ ነው። ያንን ሁሉ ሰው በመቶዎች ኪሎ ሜትር አስጉዞ ማብላትም ነበረ። ይህ ሁሉ 20 በመቶ ውስጥ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ላሟ አለች። በአምስተኛው ጨዋታ ከብት ካርታው ላይ የተቀመጠ ቋሚ ሀብት ነው። ሺህ ዓመት ብትጫወቱ አይሞትም። በእውነተኛው ታሪክ ግን ከዐድዋ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ፣ ከ1880 ዓ.ም. ወዲህ፣ በምፅዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀው። ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ ክፉ ቀን ሆነ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ተጽፏል፤ የሚጠመድ በሬ አልነበረማ! ዐድዋ የዘመተው ያ ሕዝብ ነው። ወታደሩ በየመንገዱ የበላው እህልም ገና ከዚያ ቀን ማገገሙ ከነበረ ገበሬ ጎተራ የወጣ ነው።

ታዲያ ይህን ጨዋታው ረሳው ብለን እንውቀሰው? መጀመሪያ እኛ ራሳችን እናስታውሰው። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ የምንከራከረው ስለ ንጉሡ፣ ስለ ንግሥቲቱ፣ ስለ ራሶቹ ነው፤ ማን ይወደስ፣ ማን ይወቀስ። ስለ በሬውና ስለ ጎተራው የሚጣላ አላየሁም። እንዲህ ያለው ታሪክ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ እንኮራባታለን እንጂ አናልባትም።

ልጃችሁ ይህን ጨዋታ ሲጫወት ብታገኙት ማጥፋቱ ቀላል ነው። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን አጠገቡ ተቀመጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ «ይሄ ወታደርህ ምን በልቶ ነው የሚዋጋው?» በሉት። መልስ ካጣ፣ አብራችሁ ፈልጉ።