የዓይን ድካም ታሪክ፤ ከእጅ ሥራ እስከ ኮምፒውተር

በኮምፒውተር ፊት ለረጅም ሰዓት የሚውሉ ሰዎች የሚያሰሙት የዓይን ድካም አቤቱታ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታዎች ባሳተመው መጽሐፍ፣ ረቂቅ የእጅ ሥራ የሚሠሩ ባለሙያዎች ዓይናቸው እንደሚደክም ገልጾ፣ በየመካከሉ ሥራቸውን አቁመው ዓይናቸውን ወደ ሌላ እንዲያዞሩ መክሯል።

ይሁን እንጂ የድካሙ ምክንያት ለረጅም ዘመን በውል አልታወቀም ነበር። ወደ ዕውርነት ያደርሳል ተብሎ ስለሚሠጋም ሕመምተኞች ሙያቸውን እንዲተዉ የሚመከሩበት ጊዜ ነበር። ሆላንዳዊው ፍራንስ ዶንደርስ እ.ኤ.አ. በ1864 በታተመው ሥራው፣ የብዙዎቹ ችግር ሃይፐርሜትሮፒያ የተባለው የዕይታ ጉድለት መሆኑንና ተገቢ መነጽር እንደሚያቃልለው አስረዳ።

የኮምፒውተር ዘመን ሌላ ምክንያት ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ የጃፓን ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው ዘና ሲል በደቂቃ በአማካይ 22 ጊዜ፣ መጽሐፍ ሲያነብ 10 ጊዜ፣ በኮምፒውተር ሲሠራ ግን 7 ጊዜ ብቻ ዓይኑን ያርገበግባል፤ በዚህም ዓይኑ ይደርቃል።

ከዚህ ታሪክ ለጤና ባለሙያ የሚቀረው ትምህርት ግልጽ ነው። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ወደ ራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ መመልከትንና ዓይንን ደጋግሞ ማርገብገብን መምከር ይገባል። ሆኖም ምክር ምርመራን አይተካም፤ ሁሉንም በኮምፒውተር ላይ ካሳበብን፣ መነጽር ሊያሳርፈው የሚችለውን ሠራተኛ ከነድካሙ እንመልሰዋለን።