ከማማ እስከ ገመድ፦ ከፍታ ላይ የማደር ታሪክና የስሜን ግርጌ

(በፋኩልቲያችን ሕዝባዊ ገለጻ ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በሌላው ዓለም ረጅም ዛፍ ላይ በገመድ ወጥቶ፣ በቅርንጫፎች መካከል የሸራ አልጋ ወጥሮ ማረፍና ማደር ራሱን የቻለ መዝናኛ ሆኗል። ጥቂት አስጎብኚ ወጣቶች «እኛ ዘንድስ ለምን አይሞከርም?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። በጦርነትና በጸጥታ መታወክ የእንግዳ እግር በቀጠነበት በዚህ ወቅት፣ ተራራ በማስጎብኘት ይኖር የነበረ ወጣት አዲስ እንጀራ ቢፈልግ ይገባዋል። የታሪክ መምህር ግን ገመዱ ከመገዛቱ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፤ ከፍ ብሎ የተኛ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው፣ ነቅቶ የሚጠብቀው ማን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከሩቅ ለመጀመር አገራችን ትበቃናለች። በ1974 በአፋር፣ ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። በ2016 በጆን ካፐልማን የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ በአጥንቶቿ ላይ የሚታየው ስብራት ከረጅም ዛፍ ወድቃ መሞቷን ያመለክታል ሲል ተከራከረ፤ ሌሊቱን ለማሳለፍ ዛፍ ላይ ትወጣ እንደነበረም ግምቱን አስቀመጠ። አጥንቶቿን ያገኙትን ዶናልድ ጆሃንሰንን ጨምሮ ሌሎች ምሁራን ግን ስብራቱ ከሞት በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል በማለት አልተቀበሉትም። ክርክሩ አልተዘጋም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ከክርክሩ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ነው፤ እሳትም አጥርም ለሌለው ፍጡር ከፍታው ራሱ ዘበኛ ነው። ይህን ዛሬም በስሜን በዓይናችን እናያለን። ጭላዳ ቀኑን በሜዳው ሣር ሲነጭ ይውልና፣ ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ በጠባብ የድንጋይ እርከን ላይ ያድራል። ዛፍ በሌለበት የዛፉን ሥራ ገደሉ ይሠራል።

ሰው እርሻ ሲጀምር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ከሊማሊሞ በታች ባለው ቆላ ማሽላው ማሸት ሲጀምር ማማ ይሠራል። ማማ በባላ እንጨቶች ላይ፣ አንዳንዴም በቆመ ዛፍ ቅርንጫፎች መካከል የሚረበረብ መደብ ነው፤ ከላዩ ሣር ይከደንበታል። ቀን ወፍና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ጃርትና ከርከሮ ይመጣሉ። የጠባቂው መሣሪያ ወንጭፉ፣ ጅራፉና ድምፁ ነው። ከፍታው ከአውሬ ይጠብቀዋል፤ እርሱ ደግሞ ሰብሉን ይጠብቃል። እንቅልፍ እዚያ የሚሰረቅ ነገር ነበር። እኔም በልጅነቴ በአጎቴ ማሽላ ማማ ላይ አድሬአለሁ። ከዚያ ዘመን አብልጦ የሚታወሰኝ ከወዲያኛው ማማ በየጊዜው የሚጣራው ልጅ ድምፅ ነው። መልስ ካልሰጠሁት እንቅልፍ እንደጣለኝ ያውቃል፤ ሲነጋም መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ጠባቂው ብዙውን ጊዜ ልጅ ነበር፤ ማሽላ የሚያሽትባቸው ወራት ደግሞ ትምህርት የሚከፈትባቸው ወራት ናቸው። ስለዚህ የማማ ታሪክ የትምህርት ታሪካችን አንድ ምዕራፍ ነው፤ ገና አልተጻፈም እንጂ።

ቋንቋችን ግን ይህን ጥበቃ አልረሳም። በአውሮፕላን ማረፊያ በረራ የሚቆጣጠሩበትን ረጅም ሕንፃ «ማማ» ብለን ጠራነው፤ አገራችንንም የአፍሪካ የውኃ ማማ እንላታለን። ማማ ላይ የወጣ ሰው አደራ አለበት።

ከፍታ ላይ መተኛት ለገበያ የቀረበበት የታወቀው ምሳሌ የሚገኘው በጎረቤታችን በኬንያ ነው። በ1932 በአበርዴር ጫካ፣ ከዋርካ ወገን በሆነ ትልቅ ዛፍ ላይ ትሪቶፕስ የተባለ ማረፊያ ተከፈተ። እንግዶች ከላይ ሆነው ከታች ውኃ ሊጠጡ የሚመጡትን ዝሆንና አውራሪስ እያዩ ያድሩበት ነበር። በ1952 መጀመሪያ ልዕልት ኤልሳቤጥ እዚያ ባደሩበት ሌሊት አባታቸው ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ዐረፉ፤ ዙፋኑም ወደ እርሳቸው ተላለፈ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እምብዛም የማይነገረው፣ በዚያ ሌሊት መሰላሉ አጠገብ ሲጠብቅ ያደረው ስመ ጥሩ አዳኝ ጂም ኮርቤት መሆኑ ነው። የእንግዶቹ ዕረፍት በእርሱ ንቃት የቆመ ነበር። በ1954 ደግሞ የማኡ ማኡ ታጋዮች ማረፊያውን አቃጠሉት። የትግሉ ዋና ምክንያት የመሬት ነጠቃ ነበር፤ በዛፉ ላይ የተኛው እንግዳ ከዛፉ ሥር ያለው መሬት የማን እንደሆነ አልጠየቀም ነበር።

ከጠመንጃው ቀጥሎ የመጣው ዘበኛ ገመድ ነው። በ1983 ፒተር ጄንኪንስ በአሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ፣ ዛፍ መውጣትን መዝናኛ ያደረገ ድርጅት መሠረተ። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ገመዱን በጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ ማሳለፍ፣ በመታጠቂያ መውጣት፣ ቅርፊቱን አለማቁሰል፣ ተኝተውም ቢሆን ከገመዱ አለመፈታት። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1979 ተመራማሪዋ ማርጋሬት ሎውማን በአውስትራሊያ ራሳቸው በሰፉት መታጠቂያና ራሳቸው በሠሩት ባለላስቲክ ወንጭፍ የዛፍ አናት ማጥናት ጀምረው ነበር። የማማው ልጅ በወንጭፍ ከላይ ወደ ታች ያባርራል፤ እርሳቸው በወንጭፍ ገመድ ወደ ላይ ሰደዱ። ኋላም ከኢትዮጵያዊው የደን ምሁር ከዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ጋር በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ሠርተዋል። በዛፍ አናት ላይ ስማቸው የገነነው ሴት እዚህ ሲደርሱ ትልቁ ሥራቸው መሬት ላይ ሆነ፤ ምእመናኑ ደናቸውን በድንጋይ ካብ እንዲያጥሩ ማገዝ።

በእኛም አካባቢ ለመዝናናት ከፍታ ላይ ማደር አዲስ አይደለም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እንግዶች በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ድንኳን ተክለው ያድራሉ። ከድንኳኑ ውጭ ግን ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጠመንጃውን ታቅፎ የሚያነጋ የአገር ሰው አለ፤ ስካውት እንለዋለን። እርሱ የማማው ልጅ ወንድም ነው። የግጭ መንደር ነዋሪዎችም ለፓርኩ ደኅንነት ሲባል ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ ከ1996 ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ የቆየው ፓርክም በ2017 ከዝርዝሩ ወጥቷል። እንግዳው በሰላም የሚያድርበት ከፍታ የተገኘው በእነዚህ ሰዎች ዋጋ ጭምር መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

አሁን ወደ ዛፎቹ ልምጣ። በፓርኩ ከፍታ ላይ ያለው አስታ ሰው ተሸክሞ የሚያሳድር አይደለም፤ በ2019 የደረሰበትን ቃጠሎም አንረሳውም። ከዳባት እስከ ደባርቅ በመንገዱ ግራና ቀኝ የምናየው በአብዛኛው ለምሰሶና ለማገዶ የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ ነው። ትልልቆቹ ጽድና ወይራ የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ነው። እነርሱም የቀሩት በአጋጣሚ አይደለም፤ ካህናቱና ምእመናኑ በየትውልዱ ስለጠበቋቸው ነው። በእነርሱ ላይ ለመዝናኛ ገመድ መወርወር ጠባቂውን መናቅ ይሆናል።

ስለዚህ ለጠየቁኝ ወጣቶች መልሴ ይህ ነው። የቅጽሩን ዛፍ ተዉት። ከባለይዞታዎች ጋር ተስማምታችሁ፣ ዛሬ ጽድና ወይራ ትከሉ፤ የሚወጣባቸው ምናልባት የልጅ ልጃችሁ ይሆናል። እስከዚያው ግን እንግዳን ማማ ላይ ማሳደር ትችላላችሁ። ማማ የራሳችን ነው፤ አሠራሩን የሚያውቁ አባቶችም በሕይወት አሉ። ሂዱና ጠይቋቸው፤ ባላው ከምን እንጨት እንደሚቆረጥ፣ ሌሊቱን በምን ድምፅ ይጠራሩ እንደነበር መዝግቡ። ማማውን ስትሠሩም የእንግዳውን ዋጋ ከመተመናችሁ በፊት ከሥር ነቅቶ የሚያድረውን ሰው ደመወዝ ወስኑ። ያ ጠባቂ ደግሞ ጠዋት ትምህርት ቤት መግባት ያለበት ልጅ እንዳይሆን።